ሻርጃ በሙዚየም ስም አወጣች፤ እኛስ እስከ መቼ በሩ ላይ ጋሪ እንጠብቃለን?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቪዛ ወይም ስለ ኤጀንሲ አይደለም፣ ስለ ሙዚየም ነው። «ሙዚየም ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዛ ነበር የምለው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ የዕረፍት ቀናችንም መብታችንም ውስጡ አለበት።

ሻርጃ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የምሠራበት ቤት ማዳም ልጆቿን ይዛ ኮርኒሹ ላይ ወዳለው የእስልምና ሥልጣኔ ሙዚየም ሄደች። በዚያ መንገድ ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፣ አናቱ ላይ ወርቃማ ጉልላት አለው። ትንሿን ልጅ አቅፌ አብሬ ሄድኩ። በሩ ጋ ስንደርስ ልጅቷን ተቀበለችኝና «አንቺ ጋሪውንና ቦርሳውን ይዘሽ እዚህ ጠብቂ» አለችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ሲወጡ ትልቁ ልጅ ሮጦ መጣና «ጣሪያው ውስጥ ኮከብ አለ፣ አየሽው?» አለኝ። «አዎ፣ አየሁት» አልኩት። ዋሸሁት።

ያን ቀን ማታ ዕቃ እያጠብኩ አንድ ነገር አሰብኩ። ይህች ከተማ ለአሮጌ ዕቃና ለሥዕል ይህን ሁሉ ገንዘብ የምታወጣው ለምንድን ነው? ፎቅ ቢሠሩበት አይሻልም ነበር? ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስልኬ ላይ እያነበብኩ፣ ዕረፍት ሳገኝም እየሄድኩ እያየሁ መልሱን በጥቂቱ አገኘሁት።

ሻርጃ የዱባይ መኝታ ቤት እንዳትሆን

ሻርጃ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ የሚኖረው የቤት ኪራይ ስለሚቀንስ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ዱባይ የሚወስደው መንገድ በመኪና ይዘጋል፣ ማታ ደግሞ በመልሱ ይዘጋል። ጎረቤቷ ዱባይ በፎቅና በገበያ ዓለም ያወቃት ናት። አቡ ዳቢ ደግሞ ዋና ከተማም ናት፣ አብዛኛው የአገሪቱ ነዳጅም ያለው እሷ ጋ ነው። በእነዚህ በሁለቱ አጠገብ ያለች መካከለኛ ከተማ ምን ብላ ስም ታውጣ? ካልተጠነቀቀች የሌላው መኝታ ቤት ሆና መቅረቷ ነው።

ሻርጃ የመረጠችው መንገድ ባህል ነው። ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሮላ አደባባይ አጠገብ፣ ባንኮቹ መሀል አንድ ምሽግ አለ። አል ሒስን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1823 ነው የተሠራው፣ የገዢዎቹ መኖሪያ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ «ከተማዋ ትዘምን» ተብሎ ማፍረስ ተጀመረ። ያኔ ካይሮ ተማሪ የነበሩት ሼኽ ሡልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ ወሬውን ሰምተው መጡ። ሲደርሱ አብዛኛው ፈርሶ ነበር፤ አንድ ግንብ ማትረፍ ቻሉ። በሮቹንና መስኮቶቹን ሰብስበው አስቀመጡ፣ ልኩንም መዝግበው ያዙ። በ1972 የሻርጃ ገዢ ሆኑ። ምሽጉ በ1990ዎቹ በያዙት ልክ፣ ባስቀመጡት በርና መስኮት እንደገና ተሠራ። ዛሬ ሙዚየም ነው።

ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ ገዢ ለማወደስ አይደለም። አንድ ከተማ አሮጌ ነገሯን ስታፈርስ በኋላ በገንዘብ የማይገዛ ነገር እንደምታጣ ስለሚያሳይ ነው። ፎቅ የትም ይሠራል። የሻርጃ ምሽግ ግን ሻርጃ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በዓመት ላስቀምጥላችሁ። በ1982 የመጽሐፍ አውደ ርዕይ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬ በየዓመቱ አለ። በ1993 በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የኪነ ጥበብ ትርኢት፣ ቢየናሌ የሚሉት፣ ተጀመረ። በ1998 ዩኔስኮ ሻርጃን የዐረቡ ዓለም የባህል ዋና ከተማ አላት። በ2006 ሙዚየሞቹን የሚያስተዳድር አንድ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እኔ በሩ ላይ የጠበቅኩበት ትልቁ ሙዚየም በ2008 ተከፈተ። በ2019 ከተማዋ የዓለም የመጽሐፍ ዋና ከተማ ተባለች። በ2025 ደግሞ ከከተማው ራቅ ብሎ በረሃው ውስጥ ያለው ፋያ የሚባለው ሥፍራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

ስለ ፋያ አንድ ነገር ልንገራችሁና ትስቃላችሁ። እዚያ ከ120 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። አጥኚዎች እንደሚሉት ይህን የሠሩት ከአፍሪካ ተሻግረው የመጡ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። እንግዲህ ወደዚህ አገር መምጣት የጀመርነው እኛ አይደለንም ማለት ነው። ያኔ ቪዛ አልነበረም፣ ኤጀንሲም ከደመወዝ አይቆርጥም።

ሙዚየም ለከተማ ስም የሚያወጣው እንዴት ነው?

ይህን ለመረዳት ከአገራችን ላሊበላን አስቡ። ላሊበላ ትንሽ ከተማ ናት። ግን ስሟን የማያውቅ የለም፣ አውሮፕላን ማረፊያም አላት፣ ሆቴልም አላት። ከዐለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ባይኖሩ ማን ያውቃት ነበር? ሰው ከተማን የሚያስታውሰው በአንድ ነገር ነው። ያን ነገር ያገኘች ከተማ እንግዳ ታገኛለች። እንግዳ ደግሞ ያድራል፣ ይበላል፣ ታክሲ ይይዛል፣ ዕቃ ይገዛል። ከአንድ ቀን ይልቅ ሁለት ቀን ከቆየ ደግሞ ገቢው በዚያው ልክ ነው።

ሁለተኛው ነገር አሮጌ ቤት ሥራ ማግኘቱ ነው። የእስልምና ሥልጣኔ ሙዚየሙ ድሮ ገበያ ነበር፤ ሱቆቹ የነበሩበት ሕንፃ ነው ሙዚየም የሆነው። አል ማሐጣ የሚባለው ሙዚየምም በ1932 የተሠራ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፣ ከለንደን ወደ ሕንድ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ያርፉበት ነበር። ዛሬ መኪና የሚርመሰመስበት የንጉሥ ዐብዱል ዐዚዝ መንገድ የድሮው መንደርደሪያ ነው። ሕንፃውን ከማፍረስ ታሪኩን ሸጡት።

ሦስተኛው፣ ስም ስምን መጥራቱ ነው። የባህል ዋና ከተማ የተባለች ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ፣ ስብሰባ ሲመጣ፣ አሳታሚ ሲመጣ ቀድማ ትታሰባለች። ቤተሰብም ልጆቹን ለማሳደግ ይመርጣታል። የኛ ማዳሞች ጭምር «ሻርጃ ለልጆች ጥሩ ነው» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል።

ግን አንድ ሕንፃ ብቻ ተአምር አይሠራም። ስፔን ውስጥ ቢልባኦ የምትባል መካከለኛ ከተማ አለች። የብረትና የመርከብ ፋብሪካዎቿ ሲዘጉ ሰዉ ሥራ ፈትቶ፣ ወንዟም ቆሽሾ ነበር። በ1997 ጉገንሃይም የሚባለው ሙዚየም ሲከፈት ስሟ በዓለም ተሰማ። ብዙ ከተሞች ይህን አይተው «እኛም አንድ አስደናቂ ሕንፃ ብንሠራ ይበቃናል» አሉ። የረሱት ነገር አለ። ቢልባኦ ወንዟን አጽድታለች፣ በ1995 ሜትሮ ከፍታለች፣ በኋላም አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ሕንፃ ሠርታለች። ሙዚየሙ ቤቱ ከተጠረገ በኋላ በሩ ላይ እንደተሰቀለ መብራት ነበር ማለት ነው። መብራቱን ሰቅሎ ቤቱን ሳይጠርጉ መተው እንግዳ መጥራትና ማፈር ነው። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት የምናጸዳው እኛ አይደለን?

ስም ያወጣ ከተማ ዓይን ይበዛበታል

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ከተማ «ኑ እዩኝ» ስትል የሚመጣው እንግዳ ሥዕሉን ብቻ አይደለም የሚያየው። «ይህን ሕንፃ ማን ሠራው? ምን ተከፈለው? የት ያድራል?» ብሎም ይጠይቃል።

አቡ ዳቢ ሳዲያት ደሴት ላይ ሙዚየሞች ስትሠራ የሆነው ይኸው ነው። በ2009 የሰብአዊ መብት ተቆርቋሪዎች እዚያ ስለሚሠሩ የግንባታ ሠራተኞች ሪፖርት አወጡ፤ ለመቀጠር ስለከፈሉት ዕዳ፣ ስለተያዘባቸው ፓስፖርት። በ2011 ብዙ የታወቁ ሠዓሊዎች የሠራተኞቹ መብት ካልተጠበቀ ከሚሠራው የጉገንሃይም ሙዚየም ጋር አንተባበርም አሉ። ሠራተኞቹ ለዓመታት ሲናገሩ ማንም አልሰማቸውም ነበር፤ ሙዚየም ሲባል ግን ዓለም ጆሮውን ሰጠ።

ኳታርም እንደዚሁ። እዚያ ዋናው ምክንያት የ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ነው፣ ሙዚየሞቹም ግን የዚያው ስም የማውጣት ሥራ ክፍል ነበሩ። ያ ሁሉ ዓይን ሲበዛ በ2018 የዓለም የሥራ ድርጅት ዶሃ ላይ ቢሮ ከፈተ። በ2020 የቤት ሠራተኛም ጭምር ከአገር ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ መጠየቋ ቀረ። በ2021 የቤት ሠራተኛን የሚያካትት ዝቅተኛ ደመወዝ፣ 1000 ሪያል፣ ሥራ ላይ ዋለ። ሁሉም ቤት ተፈጻሚ ሆነ አልልም፤ የማይከፍል ሞልቷል። ግን ለመከራከር የሚያዝ ወረቀት መኖሩና አለመኖሩ አንድ አይደለም።

ዶሃ ላላችሁ አንድ ቤት ልጠቁማችሁ። ምሸይረብ የሚባለው ሠፈር ውስጥ ቢን ጀልሙድ የሚባል ሙዚየም አለ፤ በ2015 ነው የተከፈተው። ቤቱ ድሮ የባሪያ ነጋዴ ቤት ነበር። አሁን የሚያሳየው የባርነትን ታሪክ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ሰው እየተያዘ በባሕር ወደዚህ እንዴት እንደመጣ፣ ኳታር ውስጥም ባርነት በ1952 እንዴት እንደቀረ። መጨረሻው ላይ በዛሬው ዘመን ስላለው የሰው ብዝበዛም ይናገራል። ዶሃ የምትሠራ ጓደኛዬ አይታው ደወለችልኝ። «አለቀስኩ፣ ግን ደስም አለኝ። የእኛን ነገር ግድግዳ ላይ ጽፈውታል» አለችኝ።

እኔ ይህን ስሰማ የገባኝ ነገር፣ የከተማ ስም እውነቱን በመናገርም እንደሚሠራ ነው። የወርቅ ሳንቲም የሚያሳይ ሙዚየም ብዙ አለ። ያለፈውን ጥፋት በገዛ ቤቱ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው፤ ያን ያየ እንግዳ ደግሞ አይረሳውም።

ስሙ የማይደርስበት ቦታ

አሁን መራራውን ልናገር። የግንባታ ሠራተኛ ካምፕ ጋዜጠኛ ሊሄድ ይችላል። የእኛ ሥራ ቦታ ግን የሰው ቤት ነው። ሕጉ ራሱ ተቆጣጣሪ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ የከተማው መልካም ስም በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከበሩ ወዲህ ያለው እንደ ቤቱ ባለቤት ጠባይ ነው።

አንድ ምሳሌ ከራሴ ልስጣችሁ። እዚህ ሻርጃ ውስጥ የአፍሪካ ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም አለ። በ2019 መጨረሻ ገደማ ኢትዮጵያን ርዕስ ያደረገ ተከታታይ ዝግጅት ጀመረ፤ ስለ ታሪካችን፣ ስለ ኪነ ጥበባችን። ያኔ እኔ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበርኩ፣ በመኪና ሩቅ አይደለም። ግን ዕረፍት ቀን የሚባል ነገር አልነበረኝም፣ ስልኬም የሚሰጠኝ ማታ ብቻ ነበር። ስለ አገሬ ሲወራ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ያወቅኩት ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በጣም ነው የቆጨኝ። ከተማዋ ኢትዮጵያን በክብር እንግዳ አድርጋ ስትቀበል፣ በከተማዋ ያለነው ኢትዮጵያውያን ከግቢ አንወጣም ነበር።

ስለዚህ ሙዚየምና ዕረፍት ቀን የማይገናኙ የሚመስሉ ግን አንድ የሆኑ ነገሮች ናቸው። በኤምሬትስ በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 9፣ የሚለውን በአጭሩ ልጻፍላችሁ፦

በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት አለሽ። በቀን ውስጥ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከእሱም 8 ሰዓቱ ያልተቋረጠ መሆን አለበት። በዓመት 30 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አለሽ። ፓስፖርትሽንና መታወቂያሽን አሠሪው ይዞ ማስቀመጥ አይችልም። በዕረፍትሽ ቀን ከሠራሽ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ ይገባሻል። ጥያቄ ካለሽ ወይም ለመክሰስ ከፈለግሽ የሚኒስቴሩ የሠራተኞች ስልክ 80084 ነው።

እኔ ሁለተኛው ቤት ስገባ ይህን አውቄ ነበር የገባሁት። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሳልቆጣ፣ ሳላለቅስ ለማዳም ነገርኳት። «ልጆቹ ትምህርት ቤት የማይሄዱበት ቀን አንቺ ከከበደሽ ሌላ ቀን ምረጪልኝ፣ ግን አንድ ቀን እፈልጋለሁ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «የት ነው የምትሄጂው?» አለችኝ። «ሙዚየም» ስላት ሳቀች። ግን ፈቀደች። እውነቱን ለመናገር ከጓደኛ ጋር ልሄድ ነው ብላት ብዙ ጥያቄ ነበር የሚመጣው። ሙዚየም ስትይ የሚጠረጥርሽ የለም። ይህችን ዘዴ ያዟት።

ጣሪያውን አየሁት

በመጀመሪያው ዕረፍት ቀኔ ያው ሙዚየም ሄድኩ። 10 ድርሃም ከፈልኩ። በሩ ላይ ያለው ሰው ቲኬቴን አይቶ «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ እንጂ የማን ሠራተኛ ነሽ አላለኝም። በቀጥታ ጉልላቱ ሥር ሄጄ ቀና አልኩ። እውነትም ሰማያዊ ሰማይ አለ፣ ኮከቦቹ በሞዛይክ የተሠሩ ናቸው። ያ ልጅ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነበርኩ። አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሄጃለሁ። የሻርጃ የሥዕል ሙዚየም መግቢያ አይከፈልበትም። ምሽጉና የድሮው ሠፈር እግር መንገድ ናቸው፣ ሮላ ገበያ የምትሄጂ ከሆነ አጠገቡ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ወንበር አለ፣ ንጹሕ መጸዳጃ አለ፣ ማንም አያስቸግርሽም። በበጋ ፀሐይ አስፋልት ላይ ከመቀመጥ ይሻላል። ዓርብ ጠዋት ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ ከመሄድሽ በፊትም የመክፈቻ ሰዓቱን ስልክሽ ላይ እዪ። መታወቂያሽን ያዢ፣ የምትመለሺበትን ሰዓት ለአሠሪሽ በመልእክት ጻፊላት፣ በሰዓቱም ተመለሺ። መልእክቱ ነገ ጠፍታለች ብትል ማስረጃሽ ነው።

ወደ አገር ስንመለስ

በመጨረሻ ስለ አገር ቤት አንድ ነገር ልበል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ደሴም መካከለኛ ከተማ ናት፤ እዚህ ካለነው ሰዎች ምን ያህሉ ከወሎ እንደመጣን እናንተም ታውቃላችሁ። ደሴ ሙዚየም ነበራት። እኔ ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ሆኖ አንድም ቀን አልገባሁበትም፣ እስከ 10ኛ ክፍል ስማር አስተማሪም አልወሰደንም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘረፈ። ዜናውን ያየሁት እዚህ፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው። ሳላየው የቀረሁትን ነገር ዘረፉት።

እኛ ከዚህ በምንልከው ብር አገር ቤት ብዙ ፎቅ ተሠርቷል። ጥሩ ነው፤ ቤት ያስፈልጋል። ግን ሻርጃን ካየሁ በኋላ የምፈራው፣ ሁሉም ከተማችን አንድ ዓይነት መስታወት ለብሶ ደሴን ከሌላው የሚለይ ነገር እንዳይጠፋ ነው። የአያታችሁ ሳጥን፣ የድሮ ጀበና፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የድሮ ፎቶ ካለ «አሮጌ ነው» ብለው እንዳይሸጡት ቤት ደውላችሁ ንገሩ። ነገ ከተማችሁ ስም የምታወጣው በእሱ ሊሆን ይችላል። ልጆቻችሁንም ከተማቸው ያለው ሙዚየም ውሰዷቸው፣ ከሌላ ሰው ልጅ በፊት የራሳችሁን።

አሁን የያዝነው ከተማ ግን ይህ ነው። ሻርጃ ይሁን ዶሃ ይሁን አቡ ዳቢ፣ ከተማው በባህል ስም ሲያወጣ የሙዚየሙን ወለል የሚያጸዳው፣ ወደ ሙዚየሙ የሚሄዱትን ልጆች አጥቦ የሚያለብሰው፣ ግድግዳውን ያቆመው ስደተኛ ነው። ስሙ ውስጥ ድርሻ አለን። ድርሻችንን ሙሉ በሙሉ የሚሰጠን የለም፣ ግን የዕረፍት ቀን ጠይቆ፣ 10 ድርሃም ከፍሎ በፊት ለፊቱ በር መግባት የሚከለክለን ሕግ የለም።

እናንተ ያላችሁበት ከተማ ምን አለ? በዕረፍት ቀናችሁ የት ሄዳችሁ? ጻፉልን፣ ሌላዋ እህት አንብባ ትሄዳለች። ዕረፍት የማይሰጣችሁም ካላችሁ ጻፉልን፤ ስማችሁ አይወጣም።

በሰላም ለአገራችን ያብቃን።